አባቴ ሲጠጡ ክኒናቸውን ይዘላሉ፤ ዝም ልበል?

«ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ለስኳሩ ጠዋትና ማታ ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ ደግሞ ማታ አምሎዲፒን ይወስዳሉ። ከሥራ ሲወጡ ሦስት ቢራ ሳይጠጡ የሚገቡበት ቀን ጥቂት ነው። ‹መድኃኒትና መጠጥ አይገናኙም› ብለው ስለሚያምኑ በጠጡ ቁጥር የማታውን ክኒን ይዘሉታል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ወዳጃቸው የሰጧቸውን ዲያዜፓም አንዳንድ ማታ ይውጣሉ። እሱን ግን ጠጥተውም ይወስዱታል፤ ‹ይሄ የእንቅልፍ ብቻ ነው› ይላሉ። ባለፈው ወር አንድ ማታ ላብ በላብ ሆነው፣ አንደበታቸው ተሳስሮ፣ እኔን እንኳ መለየት አቅቷቸው ነበር። ሰክረዋል ብለን አስተኛናቸው። ጠዋት ራሳቸውን ሲያማቸው ዲክሎፌናክ ይውጣሉ። ቤተሰቡ ‹ስንት ዓመት እንዲህ ኖረዋል፣ ምን ሆኑ?› ይለኛል። ክኒኑን ልደብቅባቸው ወይስ ዝም ልበል? ለእኔም ለጥርሴ ሜትሮኒዳዞል የተባለ አንቲባዮቲክ ታዞልኛል፤ ቅዳሜ የጓደኛዬ ልደት ስለሆነ አንድ ብርጭቆ ወይን ይጎዳኝ ይሆን?»

ውድ እህቴ፣

ዝም አትበይ። ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ጥያቄ አለ፤ ሁሉም ግን እኩል አያስቸኩልም። ስለዚህ በጻፍሽበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ከሁሉ ይልቅ ሕይወት ሊያሳጣ በሚችለው፣ በዲያዜፓሙ ልጀምር። አባትሽ ጥንቃቄውን አላጡም፤ ጥንቃቄያቸው ያረፈው ግን በተሳሳተው ክኒን ላይ ነው። ከአልኮል ጋር እንዳይገናኝባቸው የሚዘሉት በየቀኑ ሊወስዱት የሚገባውን ነው። ከአልኮል ጋር ፈጽሞ መገናኘት የሌለበትን ደግሞ ከቢራው ላይ ይደርቡታል።

ዛሬ ማታ ጠጥተው ከገቡ ዲያዜፓም አይውሰዱ። ነገም ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ወዳጃቸው የሰጧቸው በቅን ልብ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ያ ክኒን የታዘዘው ለሌላ ሰው ነው። ያዘዘው ሐኪም አባትሽን አይቷቸው አያውቅም፤ ማታ ማታ ምን እንደሚጠጡም አልሰማም።

ስትነግሪያቸው «ለምን?» ማለታቸው አይቀርምና ምክንያቱን ያዥው። አንጎል ራሱን የሚያረጋጋበት ጋባ የሚባል ኬሚካል አለው። ዲያዜፓም የዚህን ኬሚካል ጉልበት ያበረታል፤ አልኮልም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ማታ ሲገናኙ ሰውየው እንቅልፍ ብቻ አይበዛበትም፤ ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍልም አብሮ ይደክማል። ትንፋሹ ይዘገያል፣ ይሳሳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ቢያስመልሰው፣ ሌላ ጊዜ ቀስቅሶ የሚያስለው ሳል ስለማይመጣለት ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከውጭ ሲታይ ግን ጥሩ እንቅልፍ ይመስላል። ያንኮራፋል፤ ቤተሰቡም «ዛሬስ ተኛ» ብሎ መብራቱን ያጠፋል። እንዲህ ባለ ማታ ጎልቶ የሚሰማ፣ የሚቆራረጥ ማንኮራፋት፣ ሲጠሩትም ሲነቀንቁትም አለመንቃት፣ ወይም የከንፈር መጠቆር የእረፍት ምልክት አይደለም። ወዲያው አምቡላንስ የሚያስጠራ ነው።

በዚህ ረገድ ዲያዜፓም ብቻውን አይደለም። የሕመም ማስታገሻዎቹ ትራማዶልና ሞርፊን፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ ለድባቴ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶች (ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን) ሁሉም አልኮል ሲያገኛቸው ያደንዛሉ፤ ገሚሶቹም ትንፋሽ ያፍናሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 የዲያዜፓም ዓይነት መድኃኒቶችና የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻዎች አብረው ሲወሰዱ እንደሚገድሉ ከፍተኛ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ በማሸጊያ ጽሑፋቸው ላይ እንዲይዙ አዟል፤ አልኮልም እዚያው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ተጠቅሷል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ፓላዶን የተባለ ኃይለኛ ማስታገሻ ከአሜሪካ ገበያ ተነሥቷል። መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነበር፤ አልኮል ሲያገኘው ግን ለቀኑ የታሰበውን በአንድ ጊዜ ይለቀው ነበር።

«ከጠጣሁ ቆይቼ ነው የምወስደው» ካሉሽ ደግሞ አብራችሁ አስሉት። 330 ሚሊሊትር የሚይዝ፣ የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ አንድ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ። የአንድ ሰው ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ያስወግዳል። ሦስት ቢራ 39 ግራም መሆኑ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው አልኮሉ ከደሙ የሚጠራለት ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጉበቱ ከደከመ ከዚያም ይዘገያል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ይህን ሰዓት አያሳጥረውም። ዲያዜፓሙ ደግሞ ከአልኮሉም የባሰ ነው። በጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ግማሹ ብቻ እስኪወጣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይፈጃል። ጉበት ሲሰባብረው የሚፈጠረው ንጥረ ነገርም ራሱ የሚያስተኛ ሲሆን ከዋናው ክኒን በላይ ይቆያል። ሰኞ ማታ የተዋጠ ክኒን ማክሰኞ ማታ ቢራውን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል ማለት ነው። እንግዲህ «ዛሬ ክኒኑን አልወሰድኩም» ማለታቸውም ብቻውን አያድናቸውም።

እስካሁን በአንዳንድ ማታ ብቻ ከሆነ የወሰዱት፣ ከዚህ በኋላ ባይወስዱት ችግር የለውም። በየቀኑ ለወራት ወስደውት ቢሆን ኖሮ ግን ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ለረጅም ጊዜ የተለመደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቆም የሚጥል በሽታ ሊያስነሣ ስለሚችል በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ በእርግጥ ስንት ማታ እንደወሰዱት ሳትቆጫቸው ጠይቂያቸው። የተቆጡት ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

አሁን ደብዳቤሽን ሳነብ ወደ ቆምኩበት ቦታ ልምጣ። ላብ በላብ ሆነው፣ አንደበታቸው ተሳስሮ፣ ልጃቸውን መለየት ያቃታቸው ማታ። የዚያን ማታ ስካር ብቻ ነበር ብዬ አላምንም። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ከቢራ በኋላ እንዲህ ከሆነ ግን ማንም የሕክምና ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የደም ስኳር መውረድን ነው።

እንዴት እንደሚወርድ ላስረዳሽ። ሰው ሳይበላ ሲቆይ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር እንዳያልቅ የሚጠብቀው ጉበቱ ነው፤ ካጠራቀመው ይለቃል፣ አዲስም ይሠራል። አልኮል ሲገባ ጉበት እሱን ለማስወገድ ይጠመድና አዲስ ስኳር መሥራቱን ይቀንሳል። ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል። የደም ስኳሩ ዝቅ ብሎ ቢያገኘውም መግፋቱን አይተውም። አንዱ ስኳሩን ያወርዳል፣ ሌላው እንዳይተካ ያግዳል። እራት ካልበሉ ወይም ቀኑን ሲለፉ ከዋሉ ይብሳል። ይህ የሚሆነው የግድ እየጠጡ ሳለ አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝተው ሳሉ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ሊመጣ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጉም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደሉም።

የስኳር መውረድ ምልክቶቹ ከስካር ጋር ለማመን በሚያስቸግር ሁኔታ ይመሳሰላሉ። መንገዳገድ፣ የንግግር መጎተት፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ ድብታ። ላቡ፣ የእጅ መንቀጥቀጡና የልብ ትርታው ይለየዋል፤ ጠጥቶ የተኛ ሰው ላይ ግን ያን ማን ያያል? አፋቸው ቢራ ቢራ ስለሚሸት የቤቱ ሰው ፍርዱን ቀድሞ ይሰጣል። አንቺንም ቤተሰብሽንም አልወቅስም፤ ማንም አልነገራችሁም። ይህን ነገር መድኃኒቱን የሰጣቸው ባለሙያ ገና በመጀመሪያው ቀን ለቤቱ ሰው ሁሉ ሊነግር ይገባ ነበር ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ስለዚህ ቤታችሁ የደም ስኳር መለኪያ ከሌለ ይግባ። ካሁን በኋላ አባትሽ እንደዚያ ሆነው ካየሻቸው መጀመሪያ ለኪ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ፣ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ለስላሳ መጠጥ ስጪያቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ፤ ካልተስተካከለ ድገሚ፤ ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። መለኪያ ከሌለሽ ወይም ካልሠራልሽ አትጠብቂ፤ ስኳሩን ስጪ። ሰክረው ብቻ ቢሆን እንኳ ያ መጠን አይጎዳቸውም፤ ስኳራቸው ወርዶ ሳለ መዘግየት ግን አንጎልን ይጎዳል። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አትጨምሪ፤ በጎናቸው አስተኚያቸውና አምቡላንስ ጥሪ። የግሉካጎን መርፌ ያላቸው ቤተሰቦችም ልብ ይበሉ፤ መርፌው የሚሠራው ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር በማስለቀቅ ስለሆነ ከብዙ መጠጥ በኋላ እንደ ሌላው ጊዜ ላይሠራ ይችላል። ተሽሏቸው ተነሥተው ቢቀመጡም ወደ ሕክምና ውሰጃቸው። ግሊቤንክላማይድ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ስለሚሠራ ስኳሩ እንደገና ሊወርድ ይችላል፤ «አሁን ደህና ነኝ፣ ልተኛ» ሲሉ እሺ አትበያቸው።

ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግሊቤንክላማይድ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ እንዳልሆነ ይጠቅሳል፤ ምክንያቱም ይኸው የስኳር መውረድ ነው። አባትሽ 61 ናቸው። በራሳችሁ እንዳታቆሙት፤ ሐኪማቸውን ግን «በዕድሜያቸው ይህ መድኃኒት ይቀጥል ወይስ ስኳር በማያወርደው ይቀየር?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ማታ የሆነውን ነገር ሳትቀንሱ ንገሩት። ለሐኪሙ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ውጤት ያልተናነሰ መረጃ ነው።

ወደ መዝለሉ እንምጣ። አባትሽ ክኒን ሲዘሉ መድኃኒቱን ከመጠጡ የለዩት ይመስላቸዋል። አልለዩትም። ጠዋት የዋጡት ግሊቤንክላማይድ ማታም እየሠራ ነው። አምሎዲፒን ደግሞ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይወስዳል፤ የዛሬውን ቢዘሉት የትናንቱና የከትናንት ወዲያው ደማቸው ውስጥ አለ። ቢራውና መድኃኒቱ እንደሆነ ተገናኝተዋል። አንድ ማታ መዝለል መጠጡን ከመድኃኒቱ ለማራቅ አይጠቅምም። በሳምንት አራትና አምስት ማታ ሲዘለል ግን መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ከሰውነት ያልቅና ግፊቱ ከልካይ ያጣል። አልኮል በጠጡበት ሰዓት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ ከወንበር ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸውም ለዚህ ነው። ከሰዓታት በኋላ ግን ግፊቱ ይነሣል፤ አዘውትሮ መጠጣትም ራሱ የደም ግፊት ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ ነው። ግፊቱ በሚነሣበት ሰዓት መድኃኒቱ የለም።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ምን እንደሚሆን አስቢው። ግፊታቸው ሲለካ ከፍ ያለ ነው፤ ስኳራቸውም ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?» ሲላቸው «አዎ» ይላሉ፤ ስለ ቢራው ማን ይናገራል? ሐኪሙም መጠኑ አልበቃም ብሎ ይጨምራል። ከዚያ አንድ ሳምንት መጠጡን ትተው፣ ወይም ልጅ ተቆጣጥሯቸው፣ የተጨመረውን ሁሉ በትክክል ሲወስዱት ግፊታቸውና ስኳራቸው ድንገት ይዘቅጣል። መዝለሉ ተደብቆ ሲቆይ ሐኪሙ የሚያክመው እውነተኛውን ሰው አይደለም።

«ታዲያ ጠጥተውም ቢሆን ክኒኑን ይውሰዱ ነው የምትለው?» ትይኝ ይሆናል። ለሁሉም ክኒን አንድ መልስ የለም። አምሎዲፒንን ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ከቢራው ሰዓት ጋር የነበረው ጭቅጭቅም አብሮ ይቀራል። ሳይበሉ ጠጥተው የማታውን ግሊቤንክላማይድ መዋጥ ግን በግልጽ አደገኛ ነው። በዚያ ማታ የሚደረገውን በግምት ከመወሰን ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር እምብዛም አያወርድም፤ ብዙ ከተጠጣ በኋላ ግን፣ በተለይ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የተጎዳ ሰው ላይ፣ ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ ሊያጠራቅም ይችላል። ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ የጡንቻ ሕመምና ፈጣን ጥልቅ ትንፋሽ አብረው ከመጡ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው። ከሐኪም ጋር እስክትነጋገሩ ድረስ የምመክረው ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ እንደታዘዘው ከምግብ ጋር ይቀጥል፣ የሚነካው ቢራው ይሁን።

ዲክሎፌናኩንም ይተዉት። የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ሽፋን ያሳሳል፤ አልኮል በዚያው ላይ ሲጨመር ጨጓራ የመድማት አደጋ ይጨምራል። ለአባትሽ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ጉዳት አለው፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ በስኳር ምክንያት አስቀድሞ ለሚያሰጋ ኩላሊትም ሸክም ነው። ኢቡፕሮፌንና አስፕሪንም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ካዩ ወይም የሚያስመልሳቸው የቡና አተላ መሰል ነገር ካለበት ደም ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ይታከሙ። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይሻላቸዋል፤ ሆኖም እሱም ልክ አለው። ጉበት ፓራሲታሞልን ሲሰባብር ትንሽ መርዛማ ነገር ይፈጠራል፤ ያን የሚያመክነው የጉበት ክምችት አዘውትሮ በሚጠጣ ሰው ላይ የሳሳ ነው። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም ቢሆንም ብዙ ሐኪሞች በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ከ2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ4 ፍሬ፣ እንዳያልፍ ይመክራሉ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብሮ ይቆጠራል።

እንቅልፋቸው ለምን እንደጠፋስ ጠይቀሻል? ቢራ ቶሎ ያስተኛል፤ አልኮሉ ከደም ሲወጣ ግን እንቅልፉን ይሰባብረዋል። ለዚያ ነው የጠጣ ሰው ሌሊት 8 እና 9 ሰዓት ላይ ዓይኑ የሚፈጠው። ያልታከመ ስኳርም ሌሊቱን ሽንት ቤት ያመላልሳል። ዲያዜፓም የሚዋጠው፣ እንግዲህ፣ ቢራውና የተዘለለው ክኒን ያመጡትን መንቃት ለማስተኛት ሊሆን ይችላል። ይህን ለአባትሽ ብትነግሪያቸው ከማስፈራራቱ ይልቅ የሚሰሙሽ ይመስለኛል፤ መተኛት ይፈልጋሉና።

«ስንት ዓመት እንዲህ ኖረዋል፣ ምን ሆኑ?» ለሚለው የቤተሰብሽ ጥያቄ መልሱ በደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ባለፈው ወር አንድ ማታ የሆኑትን ሆነዋል። ደግሞም የዛሬ አሥር ዓመቱ ሰውና የዛሬው ሰው አንድ አይደሉም። ዕድሜ ሲገፋ በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚቀንስ ያው ሦስት ቢራ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ጉበትና ኩላሊት ይዘገያሉ፤ የክኒኑም ቁጥር ጨምሯል። ዲያዜፓሙ ደግሞ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

ክኒን መደበቅ አይሆንም። የታዘዘላቸውን ብትደብቂ በሽታው ይብሳል፤ ዲያዜፓሙን ብትደብቂ ሌላ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ያንንም ከአንቺ ይሸሽጉታል። አባት በልጁ እጅ እንደ ሕፃን መጠበቁ የሚያመጣውን ቅያሜም ታውቂዋለሽ። ይልቅ ባልጠጡበት ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። «አባዬ፣ ይጠጣሉ» ብለሽ አትጀምሪ። «ባለፈው ወር ያን ማታ በጣም ፈርቼ ነበር፤ ስካር ሳይሆን ስኳርዎ ወርዶ ሊሆን ይችላል ተብያለሁ» በያቸው። ከፍርሃትሽ ተነሥተሽ ስትናገሪ ክብራቸውን አትነኪም። ከዚያ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የወዳጃቸውንም ክኒን ጭምር፣ በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ አብራችሁ ወደ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሂዱ። እሳቸው እምቢ ካሉ አንቺ ብቻሽን ይዘሽው ሂጂ፤ ጥያቄ መጠየቅ አይከለከልም። ስለ መጠጡ «አልፎ አልፎ» የሚባለውን ቃል ተዉትና በቀን ስንት፣ በሳምንት ስንት ቀን ብላችሁ ተናገሩ። ስለ መጠጡ ሲሰማ የሚያመናጭቅ ባለሙያ ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ እውነቱን መናገር የማይቻልበት ቦታ ለአባትሽ አይበጅም።

አንድ ነገር ሳትመለከቺ ግን «ከነገ ጀምሮ ጠብታ እንዳይቀምሱ» አትበያቸው። ጠዋት እጃቸው ይንቀጠቀጣል? አንድ ቀን ሳይጠጡ ሲውሉ ያልባቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ይቅበጠበጣሉ? እንዲህ ከሆነ ሰውነታቸው በአልኮል ላይ ተደግፏል፤ ምናልባትም ቁጥሩ ከሦስት ቢራ ይበልጥ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ሲያቆም ከመጨረሻው መጠጥ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጥል ሕመም ሊነሣበት ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከልም መቃዠትና ከፍተኛ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ማቆሙ ትክክል ነው፤ የሚደረገው ግን በሐኪም ክትትል ነው። ምልክቶቹ ከሌሉ ደግሞ ከሦስት ወደ አንድ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ከዚያም ያለ መጠጥ የሚያልፉ ቀናት እያሉ መቀነስ ይቻላል።

ያንቺ ጥያቄ አጭር መልስ አለው፤ ቅዳሜ ወይኑ ይቅርብሽ። የሜትሮኒዳዞል መመሪያ መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳሉና ከጨረሱ በኋላ ቢያንስ ለ3 ቀን አልኮል እንዳይጠጡ ያዛል፤ 2 ቀን የሚሉ አገሮችም አሉ። የሚፈራው የፊት መቅላት፣ ማስመለስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የልብ መምታት ነው። ይኸው ዓይነት ስሜት ዳይሰልፊራም በተባለ መድኃኒት ላይ በደንብ ይታወቃል። ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች፣ የንስ ሃልድና ኤሪክ ያኮብሰን፣ መድኃኒቱ አልኮል ሲሰባበር የሚፈጠረውን አሴታልዴሃይድ በሰውነት ውስጥ እንደሚያጠራቅም እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተሙ፤ ከዚያ ወዲህ መጠጥ ለማስጠላት ይታዘዛል። ሜትሮኒዳዞል በዚያው መንገድ ስለመሥራቱ የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ቢሆንም አንድ ብርጭቆ ወይን ይህን በራስሽ ላይ እስክትሞክሪው ድረስ የሚያጓጓ አይመስለኝም።

ለወይኑ ስትዪ ግን መድኃኒቱን እንዳትዘይው። ብዙ ሰው «አንቲባዮቲክ ላይ ነኝ» ብሎ ለአንድ ማታ መጠጥ ሲል ክኒኑን ያቋርጣል፤ አሞክሳሲሊን ከአልኮል ጋር ይህ ነው የሚባል ጠብ የለውም፣ ማቋረጡ ግን ጎጂ ነው። ኢንፌክሽኑ ሳይጠፋ ይመለሳል፤ ጥርስሽም እንደገና ያብጣል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያሉት ደግሞ ሁለቱንም ይጠንቀቁ፤ አይሶናያዚድና ፒራዚናማይድ በራሳቸው ጉበት ሊጎዱ ስለሚችሉ ሕክምናው እስኪያልቅ መጠጥ አይቅመሱ፣ ክኒኑንም አንድ ቀን አይዝለሉ። አንቺ ቅዳሜ ለስላሳሽን ይዘሽ ተጫወቺ፤ ክኒንሽን በሰዓቱ ዋጪ፤ የመጨረሻዋን ከዋጥሽበት ቀን አንሥተሽም ሦስት ቀን ቁጠሪ።